ወጥመዱና ኩሬው፤ ዳርዊን ስለ ውሃ ሥጋ በል ዕፀዋት በጻፈው ላይ የቀረበ ሒስ

ቻርልስ ዳርዊን በ1875 ለንደን ላይ ያሳተመው «ነፍሳት በል ዕፀዋት» የተባለው መጽሐፍ 18 ምዕራፎች አሉት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 11 ምዕራፎች የሚናገሩት ድሮሴራ ስለምትባል፣ በረግረግ መሬት ላይ ስለምትበቅል አንዲት ትንሽ ተክል ነው። በውሃ ውስጥ ለሚኖሩት ሥጋ በሎች የተረፈው ቦታ ጠባብ ነው። አልድሮቫንዳ አንድ አጭር ምዕራፍ፣ ዩትሪኩላሪያ ደግሞ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሁለት ምዕራፎች አግኝተዋል። ይህ ሒስ የሚመለከተው እነዚህን ሦስት ምዕራፎችና ከነርሱ የተወረሰውን አስተያየት ነው።

እንዲህ ያለውን አሮጌ መጽሐፍ አሁን መመርመር ምን ይጠቅማል የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ተማሪ ስለ ሥጋ በል ዕፀዋት በመማሪያ መጽሐፍ የሚያገኘው አንድ አንቀጽ እስከ ዛሬ ድረስ በዳርዊን ዐይን የሚያይ ነው። ሥዕሉ የተከፈተ ወጥመድ ነው፤ ከሥዕሉ ሥር ያለውም ጽሑፍ አፈሩ ናይትሮጅን ስለሚያንሰው ተክሉ ነፍሳትን ይበላል የሚል ነው። እኔም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርሁት ይህንኑ ነው። አልድሮቫንዳ ግን አፈር የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሥርም የላትም። እንግዲህ ለየብስ ተክል የተሰፋው ልብስ ለውሃ ተክል እንዴት ልክ ሊሆን እንደቻለ መጠየቅ ይገባል። እኔ ለማለት የምደፍረው ይህን ነው፤ ዳርዊን የነዚህን ተክሎች አፍ አሳየን እንጂ ቤታቸውን አላሳየንም፤ ተክሏን ዛሬ ከምድር ገጽ እያጠፋት ያለው ደግሞ የአፏ ሳይሆን የቤቷ ነገር ነው።

አስቀድሜ አልድሮቫንዳን ላስተዋውቅ። ከ6 እስከ 20 ሳንቲሜትር የምትረዝም፣ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብላ የምትንሳፈፍ ቀጭን ተክል ናት። ቅጠሎቿ በግንዷ ዙሪያ ከ5 እስከ 9 እየሆኑ እንደ መንኰራኵር ተሰክተዋል። በያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ እንደ ዛጎል በሁለት ክፋይ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር የሚሆን ወጥመድ አለ። የውሃ ቁንጫ በወጥመዱ ውስጥ ያሉትን ጸጕሮች በነካች ጊዜ ሁለቱ ክፋዮች በመቶኛ ሰከንድ በሚቈጠር ጊዜ ይገጥማሉ። አንድ ቅጠል ሊበላ የሚችለው አንድ ጊዜ ወይም ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ያረጃል።

ስሟም የራሱ ታሪክ አለው። በ1696 ፕሉክኔት የተባለው እንግሊዛዊ ከህንድ በመጣ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ጽፎባታል። በ1747 ጣሊያናዊው ጋኤታኖ ሞንቲ በቦሎኛ አጠገብ ከተገኘው ተክል ተነሥቶ፣ ለቦሎኛው ሊቅ ለኡሊሴ አልድሮቫንዲ መታሰቢያ «አልድሮቫንዲያ» ብሎ ሰየማት። ሊኔየስ በ1753 ስሙን ሲመዘግብ አንዲት ፊደል ጣለ፤ የተጣለችው ፊደል እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ተክሏም ስሟን ባገኘችበት በጣሊያን አገር ዛሬ በዱር አትገኝም።

ወደ ዳርዊን ልመለስ። የሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። በርሱ ዘመን ብዙዎች የተክል ሥጋ መብላት ተረት ነው ይሉ ነበር፤ እርሱ ግን በትዕግሥትና በሙከራ ነገሩን ከተረት አወጣው። በአልድሮቫንዳ ምዕራፍ ውስጥ የወጥመዱን ዕጢዎችና አራት ክንድ ያላቸውን ጥቃቅን ጸጕሮች ለይቶ ጽፏል። የወጥመዱ ውስጠኛ ክፍል እንደ ዲዮኒያ ምግብ የሚፈጭ፣ ስስ የሆነው ውጫዊ ክፍል ደግሞ ከበሰበሰ ነገር የሚመጥ ይሆናል ብሎ በጥንቃቄ ገምቷል። ዲዮኒያ ማለት በአሜሪካ ካሮላይና ረግረግ የምትበቅለው የታወቀችው ዝንብ ያዥ ናት፤ ዳርዊን አልድሮቫንዳን የርሷ ትንሽ የውሃ እኅት አድርጎ አይቷታል። በ2002 የታተመ የሞለኪውል ጥናት ሁለቱ ተክሎች በእርግጥ ከአንድ ግንድ የወጡ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን አረጋግጧል። በዚህ ረገድ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባውም።

ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ገና ከመግቢያው ላይ አንድ ክር በእጁ ይዞ ነበር። ስታይን የተባለው ጀርመናዊ በ1873 እንደ ተረዳው፣ በአውሮፓ ሁልጊዜ ተዘግተው የሚታዩት የአልድሮቫንዳ ወጥመዶች ውሃው በበቂ ሲሞቅ ይከፈታሉ። ዳርዊን ይህን ጠቅሶ ወደ ዕጢዎቹ ያልፋል። እዚህ ላይ ልብ ያለው አንባቢ ቆም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወጥመዷ በሙቀት ብቻ የሚከፈት ከሆነ ይህች ተክል በቀዝቃዛው በሰሜን ጀርመንና በፖላንድ ኩሬ ውስጥ ምን ትሠራለች? የትኛው ኩሬ ነው የሚሞቅላት? ጥልቀቱ ስንት ነው? በዙሪያው ምን ይበቅላል? የስታይን ግኝት ስለ ወጥመድ ብቻ የተነገረ ሳይሆን ስለ ኩሬም የተነገረ ነበር። ዳርዊን ግማሹን ወሰደ፤ ግማሹን ተወው።

በዩትሪኩላሪያ ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የዩትሪኩላሪያ ወጥመድ በአንድ በኩል በር ያላት ትንሽ ፊኛ ናት። ዳርዊን እንደ ጻፈው፣ ጥቃቅኖቹ እንስሳት በራሳቸው ኀይል ራሳቸውን እንደ ሽብልቅ ሰንቅረው በሩን ገፍተው ይገባሉ፤ በሩም ከኋላቸው ይዘጋል። ይህ እንግዲህ ፊኛዋን ምንም እንደማትሠራ ከረጢት መቍጠር ነው። በኒው ጀርዚ የምትኖር ሜሪ ትሪት የተባለች ተመራማሪ ግን ሕያው ተክል በአጉሊ መነጽር ሥር አድርጋ ረዥም ጊዜ ስትመለከት፣ እንስሳው የሚገባው ወዶ ወይም ገፍቶ ሳይሆን ተስቦ መሆኑን አየች። ዳርዊን ለርሷ በጻፈው ደብዳቤ የሽብልቁ አሳብ ልክ እንዳልነበረ ተቀብሏል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ታትሞ ስለ ነበር ብዙ አንባቢ የያዘው ሽብልቁን ነው። ብሮሼ የተባለው የጄኔቫ ሰው በ1911 የወጥመዱን አሠራር በትክክል እስኪገልጽ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕጢዎች ውሃውን ከፊኛዋ ውስጥ እየመጠጡ ወደ ውጭ ያወጣሉ፤ ግድግዳዎቿም ወደ ውስጥ ይሰረጕዳሉ። በበሩ ላይ ያሉት ጸጕሮች ሲነኩ በሩ ይታጠፍና ውሃው ከነእንስሳው ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይሳባል። ይህ በ2011 በፈጣን ካሜራ የተለካ ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚያስፈልገው ስሕተቱን ሳይሆን ስሕተቱ የመጣበትን መንገድ ነው። ትሪት ያሸነፈችው በተሻለ መሣሪያ አይደለም፤ ተክሏ ኑሮዋን ስትኖር ቁጭ ብላ በማየቷ ነው።

ዳርዊን ፊኛዎቹ ምግብ ይፈጩ እንደሆነ ለማወቅ የተጠበሰ ሥጋና የእንቁላል ነጭ በትንሽ በትንሹ እያስገባ ቀናት ጠብቋል። ምንም ሳይፈጭ ቢያገኘው፣ ዩትሪኩላሪያ የምትኖረው በውስጧ የበሰበሰውን በመምጠጥ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲህ በፊኛዋ ውስጥ ምግብ የሚፈጩ ኤንዛይሞች መኖራቸው ታውቋል። የሚገርመው ግን በ2001 ሪቻርድስ በዩትሪኩላሪያ ፑርፑሪያ ላይ ያሳተመችው ጥናት ነው። በዚች ተክል ፊኛዎች ውስጥ ከሚታረደው ይልቅ የሚኖረው ይበዛል፤ አልጌና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ተሰብስበው በሕይወት ይገኛሉ። ወጥመድ ብለን የጠራነው ለካ ጓዳም ኖሯል። ሥጋ የሚያስገባ ሰው ሥጋ ስለ መፍጨት ብቻ መልስ ያገኛል፤ ኩሬው ራሱ በየቀኑ ምን እንደሚያስገባ የጠየቀ ግን ሌላ መልስ ያገኛል።

አሁን ወደ ኩሬው እንግባ፤ የሒሴ ዋና ቁም ነገር እዚህ ነውና። አልድሮቫንዳ የምታድገው ከፊት ነው፤ የምትሞተውም ከኋላ ነው። በሞቃት ወራት ጫፏ በየቀኑ ወይም በዚያ አካባቢ አንድ አዲስ የቅጠል መንኰራኵር ያወጣል፤ በዚያው ልክ የጅራቷ ቅጠል ያረጃል፤ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቁመቷ እንዳለ ሲቆይ አካላቷ በሙሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለወጣል። ከሚሞተው ቅጠል ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እየተመለሱ ወደ አዲሱ ይሄዳሉ፤ ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው ይጠፋል። በዚህ ፍጥነት ለማደግ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ካርቦን ነው። ብዙ የውሃ ተክሎች በውሃ ውስጥ የሟሟውን ባይካርቦኔት ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ አልድሮቫንዳ ግን አትችልም፤ የምትፈልገው ነጻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በትረቦኝ የሚሠራው የቼክ ተመራማሪ ሉቦሚር አዳሜክ በብዙ ዓመት ልኬት እንዳሳየው፣ ደኅና ሆና የምታድገው ይህ ጋዝ በአንድ ሊትር ውሃ ከ0.1 ሚሊሞል በላይ በሚሆንበት ቦታ ነው።

ይህ ጋዝ ከየት ይመጣል? ከሞተ ሸምበቆና ከቄጠማ ነው። በኩሬው ዳርቻ የሚበቅሉት ሸምበቆ፣ ፊላና ቄጠማ በየዓመቱ እየወደቁ በታችኛው ጭቃ ላይ ሲበሰብሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፤ ውሃውንም እንደ ሻይ ያጠቍሩታል፤ ጥቂት አሲድነትም ይሰጡታል። ሸምበቆው በጣም ከበዛ ብርሃን ይከለክላታል፤ ከጠፋም ካርቦኑ ይቀራል፤ ማዕበሉም ይበትናታል። ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ውሃው ይሞቃል፤ የስታይን ወጥመድም ይከፈታል። በእንዲህ ያለው ውሃ ውስጥ የውሃ ቁንጫና መሰሎቿ በብዛት አሉ። እንግዲህ ቤቱ ሲኖር ምግቡ አብሮ አለ።

አሁን በዚህ ኩሬ ላይ ከእርሻ የወረደ ማዳበሪያ እንጨምር። የመማሪያ መጽሐፉ አንቀጽ እውነት ቢሆን ኖሮ ናይትሮጅን የራባት ተክል ልትጠግብ ይገባት ነበር። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እንደ ክር የሚረዝሙት አልጌዎች ይፋፋሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይሻሙባታል፤ የውሃው አሲድነት ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ተክሏን እንደ ጥጥ ይጠመጥሟታል። ወጥመዶቿ ሞልተው ሳለ ትሞታለች። በሳሕን ውስጥ ያለችውን ተክል ያየ ሰው ይህን ሞት ሊያይ አይችልም፤ ሳሕኑ ውስጥ ሸምበቆም አልጌም የለምና።

ሥጋ መብላቷ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሩማኒያውያን ተመራማሪዎች በ1968 ራዲዮአክቲቭ ካርቦን የያዙ የውሃ ቁንጫዎች አብልተዋት ካርቦኑ ወደ ተክሏ አካል መግባቱን አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎችም የተመገበችው ካልተመገበችው ይልቅ ፈጥና ታድጋለች፤ ቅርንጫፍም ታበዛለች። የምነቅፈው ምክንያትንና ሁኔታን ማደባለቅን ነው። ምግቡ ዕድገቷን ያፋጥናል፤ መኖሯን የሚወስነው ግን ውሃው ነው።

በዚህ ረገድ ጊቭኒሽ በ1984 ከጓደኞቹ ጋር ያቀረበው የታወቀው የወጪና የገቢ ሚዛንም ሊመረመር ይገባል። አሳቡ ሥጋ በልነት የሚያዋጣው ብርሃንና ውሃ ሞልተው፣ የአፈር ምግብ በጐደለበት ቦታ ነው የሚል ሲሆን፣ የተነሣውም በደቡብ አሜሪካ የየብስ ተክል ከሆነችው ከብሮኪኒያ ነው። ለየብስ ጥሩ ሚዛን ነው። በውሃ ውስጥ ግን ውሃ አንሶ አያውቅም፤ ብርሃኑ በሸምበቆ ጥላ ይጐድላል፤ የሚያንሰው ካርቦንም ነው። ከየብስ የመጣን ሚዛን ውሃ ውስጥ ስናስገባው አንዱ ወገን መንሳፈፉ አይቀርም።

የተክሏ መጥፋት ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር እንመልከት። በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በአፍሪካና በአውስትራሊያ ተመዝግባ የምትታወቅባቸው ቦታዎች 379 ናቸው፤ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መኖሯ የተረጋገጠባቸው ግን ወደ 50 ያህል ብቻ ናቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ2012 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝግቧታል።

አንዳንዶች ይህ የሆነው ተክሏ ጥንታዊትና የደከመች ስለ ሆነች ነው ይላሉ። ማስረጃቸውም ከተለያዩ አህጉሮች የመጡ ናሙናዎች በዘር ውርሳቸው ልዩነት እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። ማስረጃው እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ተክል ወዳዶች ይህችን ተክል በአሜሪካ ኩሬዎች ውስጥ ጣሏት። በቨርጂኒያ፣ በኒው ጀርዚና በኒው ዮርክ እንደ ልቧ ተባዝታለች፤ እንዲያውም እንግዳ ወራሪ ትሆናለች ተብሎ ተሠግቷል። በአገሯ እየጠፋች በሰው አገር የምትፋፋ ተክል ደካማ ናት አይባልም። በቼክ አገርም በ1990ዎቹ ዓመታት ከፖላንድ የመጡ ተክሎች በትረቦኝ አካባቢ ተመርጠው በተዘጋጁ ውሃዎች ውስጥ ተለቀው በአንዳንዶቹ ጸንተዋል። የዘር ውርሷ ያው ነው፤ የተለወጠው ውሃው ነው።

ስለ ጃፓንም ጥቂት ልበል። ማኪኖ ቶሚታሮ በ1890 በቶኪዮ፣ በኤዶ ወንዝ አቅራቢያ አገኛት። በአውሮፓ ሳትፈካ የምትቀረውን አበባዋን ፈክታ ሥሎ በማሳተሙ ስሙ በውጭ አገር ታወቀ። በ1921 ደግሞ በሳይታማ፣ ሃንዩ በተባለው ቦታ በሆዞጂ ኩሬ ተገኘች። መንግሥት ያን ኩሬ የተፈጥሮ ቅርስ ብሎ የሰየመው በ1966 ነው። በዚያው ዓመት ጐርፍ መጥቶ ተክሎቹን ጠርጎ ወሰዳቸው፤ የእርሻ መድኀኒትም ውሃውን አበላሽቶት ስለ ነበር ብዙም ሳይቆይ ከዱር ጠፋች። ሕጉ ተክሏን ጠበቀ፤ ወደ ኩሬው የሚወርደውን ውሃ ግን አልጠበቀም። ሰዎች በየቤታቸው በገንዳ አሳድገው በየጊዜው እየመለሷት ነው።

በዚህ ሁሉ ዳርዊንን መውቀስ ግፍ ነው የሚል ይኖራል። እርሱ የጠየቀው ተክል እንስሳ ይበላል ወይ ብሎ ነው፤ መልሶታልም። ሥነ ምኅዳር የሚለው የጥናት ስም ራሱ በሄክል የተፈጠረው በ1866፣ መጽሐፉ ከመታተሙ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። ይህ መከራከሪያ ክብደት አለው፤ ግን ሙሉ አያሳምነኝም። በ1859 ባሳተመው በታላቁ መጽሐፉ ድመት አይጥን፣ አይጥ የንብን ጎጆ፣ ንብ የማገጥን አበባ እንዴት እንደሚገዛ ሰንሰለቱን ዘርግቶ ያስረዳን ይኸው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ያውቅበት ነበር። በነዚህ ምዕራፎች ያልጠየቀው ሌላ ነገር ስለ ማረከው ነው፤ ሥጋ የምትበላ ተክል ማንንም ትማርካለችና።

ከዳርዊን ይልቅ ወራሾቹን መውቀስ ይቀለኛል። ፍራንሲስ ሎይድ በ1942 ያሳተመው «ሥጋ በል ዕፀዋት» ስለ ወጥመዶች አሠራር ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ነው፤ የዩትሪኩላሪያን በር የገለጸበት ክፍል ደግሞ ተነብቦ አይጠገብም። ያም ሆኖ የመጽሐፉ ሐሳብ ወጥመድ ነው። የአደም ክሮስ «አልድሮቫንዳ» (2012)ና ኤሊሰን ከአዳሜክ ጋር ያዘጋጁት ትልቁ የኦክስፎርድ መጽሐፍ (2018) ሲወጡ ነው ውሃው በሰፊው የተጻፈለት። መማሪያ መጻሕፍቱ ግን ገና እነዚህን አልደረሱባቸውም።

ዩትሪኩላሪያ በአገራችን ውሃዎችም ስላለች ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ለላቦራቶሪ ናሙና የምንሰበስብ ተማሪዎች በማድረቂያው ወረቀት ላይ የምንጽፈው የተክሉን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ነው። በዚያው ወረቀት ላይ የውሃው ሙቀት፣ ጥልቀቱ፣ የአሲድነቱ መጠን፣ ቀለሙ፣ በዳርቻው ያሉት ተክሎችና አልጌ መኖር አለመኖሩ ቢጨመር የሚወስደው ጊዜ ዐሥር ደቂቃ፣ የሚጠይቀውም አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ጥቅል የፒኤች መለኪያ ወረቀትና ምልክት የተደረገበት ዘንግ ነው። የነገው ተመራማሪ ተክሏን ከዚያ ኩሬ ቢያጣት፣ ከደረቀው ፊኛ ይልቅ ይህን መስመር ነው የሚፈልገው።